ሥጋ መተው ለዓለም የሚፈይደው ነገር አለ?

የልጅ አባት፦
ሥጋ ከተውኩ አምስት ወር ሆነኝ። ሐኪም አላዘዘኝም። ጠልቼውም አይደለም፤ እስካሁን ሽታው ሲመጣ አፌ ምራቅ ይሞላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከልጄ ጋር መኪና ውስጥ ሆነን መብራት ይዞን ቆመናል። ከጎናችን በሬ የጫነ መኪና መጥቶ ቆመ። አንዱ በሬ አፍንጫውን በብረቱ ክፍተት አውጥቷል። እርጥብ ነው። ሲተነፍስ የእኛን መስታወት በእንፋሎት ሸፈነው። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። «አባዬ፣ የት ነው የሚወስዷቸው?» አለችኝ። «ወደ ቤታቸው» አልኳት። መብራቱ ለቀቀ፣ ሄድን። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለልጄ ለመንገር ያፈርኩበትን ነገር እንዴት በየቀኑ እበላለሁ?

ታላቅ ወንድሜ ግን «አንተ ስለተውክ አንድም በሬ አይተርፍም» ይለኛል። መልስ አጣሁለት። እውነት ብዙ ሰው ሥጋ ቢተው ዓለም የተሻለች ትሆናለች? ማጽናኛ አልፈልግም። የምታውቁትን ንገሩኝ።

አፈርና ውሃ፦
ወንድሜ፣ እኔ የእርሻ ባለሙያ ነኝ። በአጭሩ፣ አዎ ትሆናለች። በተለይ የከብት ሥጋ ላይ።

የሚያመሰኩ እንስሳት ሆድ ውስጥ ሣሩን የሚፈጩ ጥቃቅን ተሕዋስያን አሉ። እነሱ ሚቴን የሚባል ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ያመነጫሉ፤ ጋዙም አብዛኛው በግሳት ይወጣል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሪፖርት፣ ሰው ከሚያስከትለው የሙቀት አማቂ ጋዝ ውስጥ 14.5 በመቶው ከእንስሳት እርባታ የሚመጣ ነው። ከዚህ ውስጥ ወደ 65 በመቶ የሚጠጋው የከብት ድርሻ ነው፤ ወተቱም ጭምር።

ለእኔ ተስፋ የሚሰጠኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ሚቴን በ20 ዓመት ሲለካ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ገደማ ያሞቃል፤ ነገር ግን አየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ያህል ነው። ካርቦኑ እኮ መቶዎች ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ዛሬ ሚቴን ከቀነስን ውጤቱን ልጅህ ታየዋለች።

መሬቱም አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ወደ 38,700 እርሻዎችን አይቷል። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና እርባታ ዓሣ ተደምረው ከእርሻ መሬት 83 በመቶውን ይይዛሉ፤ ከምንበላው ካሎሪ ግን የሚሰጡት 18 በመቶ ብቻ ነው። ወንድምህን ይህን ጠይቀው። ደን እየተመነጠረ ግጦሽ የሚሆነው ለማን ነው?

ዶሮ ቤት የሠራሁ፦
አፈርና ውሃ ያልከው ልክ ነው። ግን እባካችሁ አንድ ነገር አትርሱ። ሰው ይህን ሲሰማ የከብት ሥጋ ይተውና ወደ ዶሮ ይዞራል። ለአየሩ ይሻላል፤ ለእንስሳቱ ግን ይብሳል። ከአንድ በሬ ከ200 ኪሎ በላይ ሥጋ ይገኛል። ያንን ያህል ከዶሮ ለማግኘት ከመቶ በላይ ዶሮ መታረድ አለበት። በዓለም ላይ በዓመት ከ70 ቢሊዮን በላይ ዶሮ ነው የሚታረደው።

እኔ በሠራሁበት ቦታ አንድ ቤት ውስጥ 20,000 ዶሮ ነበር። ጠዋት በሩን ስከፍት የአሞኒያው ሽታ ዓይኔን ያቃጥለዋል። የመጀመሪያ ሥራዬ በባልዲ የሞቱትን መልቀም ነው። ለእርድ የሚደርሱት በስድስት ሳምንት ነው። ስድስት ሳምንት! ድምፃቸው ገና የጫጩት ነው፤ «ጭው ጭው» ይላሉ። ደረታቸው ቶሎ ስለሚያድግ እግራቸው አይችላቸውም። አንዷ ውሃው ጋ ለመድረስ በክንፏ እየተጎተተች ስትሄድ ያየሁት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። አንቲባዮቲኩንም ለታመመችው ለይተን አልነበረም የምንሰጠው። ውሃው ውስጥ ይጨመራል፣ ሁሉም ይጠጣል። በዚህ መንገድ መድኃኒት የሚለምዱ ባክቴሪያዎች ይፈጠራሉ። ያ ደግሞ ሥጋ የማይበላውንም ሰው ይነካል።

ስለዚህ ምክሬ፣ ሥጋ የምትቀንሱ ሰዎች ዶሮውን አብራችሁ ቀንሱ።

የአርብቶ አደር ልጅ፦
የሁላችሁንም አነበብኩ፤ አከብራለሁ። ግን «ሁሉም ይተው» ሲባል ሆዴ ይረበሻል። እኔ ያደግኩበት መሬት አይታረስም። ድንጋይና ቁጥቋጦ ነው፤ ፍየል ብቻ ያውቅበታል። በዓለም ላይ ካለው የእርሻ መሬት ሁለት ሦስተኛው ገደማ ግጦሽ ነው፤ ብዙው እህል አያበቅልም። እናቴ አምስት ልጆች ያሳደገችው በፍየል ወተት ነው። ስንታመም አንዷ ፍየል ትሸጥ ነበር። ባንካችን እነሱ ነበሩ።

በቀን ሦስቴ ሥጋ የሚበላ ሰው ይቀንስ፤ እስማማለሁ። እናቴን ግን ከእሱ እኩል አትጠይቁብኝ።

ነርሷ፦
ለጠያቂው ብቻ፦ ቪታሚን ቢ12 እየወሰድክ ነው? ከዕፅዋት አይገኝም። ጉድለቱ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ልጅህም መተው ከፈለገች መጀመሪያ ሐኪም አማክር፤ በደሟ ያለው የብረት ማዕድን (አይረን) ነገርም ይታይላት።

የልጅ አባት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቢ12 አልወስድም ነበር፤ ዛሬ ገዛሁ። የአርብቶ አደር ልጅ፣ እናትህን በዚህ ነገር ማንም ሊወቅሳት አይገባም። የእኔ ጥያቄ አማራጭ እያለን በልማድ ለምንበላው ነው። ለወንድሜም የመሬቱን ነገር ነገርኩት። ዝም አለ። እሱ ዝም ካለ እያሰበ ነው ማለት ነው።

ትናንት ለልጄ እውነቱን ነገርኳት። «አፍንጫው እርጥብ የነበረውም?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ብዙ አለቀሰች። እኔም አላስቻለኝም።

ዶሮ ቤት የሠራሽው እህቴ፣ እንቁላልስ? እሱን አልተውኩም። የሚታረድ የለም ብዬ ነበር።

ዶሮ ቤት የሠራሁ፦
ወንድሜ፣ ይታረዳል። የእንቁላል ዶሮ ዝርያ ወንዱ እንቁላል አይጥልም፤ ለሥጋም ቶሎ አያድግም። ስለዚህ ብዙ ቦታ በተፈለፈለ በመጀመሪያው ቀን ይገደላል። በዓመት በቢሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው። ጀርመን ይህን እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ከልክላለች፤ ገና እንቁላሉ ውስጥ እያለ ጾታውን የሚለይ መሣሪያ አለ። እንግዲህ የምትገዛበትን ቦታ ወንዶቹን ምን እንደሚያደርጓቸው ጠይቃቸው። እኔ ስጠይቅ መልስ የሰጠኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። አሁን የምገዛው ከእሱ ነው።