የማህበራችን የትራክተር ፕሮፖዛል፣ ሦስተኛ ረቂቅ፦ እስከ ዓርብ ማታ አስተያየት ስጡ

ጸሐፊ (ሰኞ)
ረቂቁ ይኸው። ርዕሱ «ለእነዋሪና አካባቢው የመረሬ መሬት ሚኒ ትራክተር ከነቢቢኤሙ ለመግዛት የቀረበ የጋራ ፕሮፖዛል» ይላል። ለማያውቅ፣ መረሬ ያው ውሃ የሚይዘው ጥቁር አፈራችን ነው፤ ቢቢኤም ደግሞ ሰፊ መደብና ውሃ ማስወጫ ቦይ የሚያወጣው መሣሪያ። ዓላማው አንድ ነው፤ መደብና ቦዩን በማሽን ማውጣት። ዝርዝሩ፦ ከ35 የፈረስ ጉልበት የማያንስ፣ ናፍጣ፣ ፎር ዊል፣ የኋላ ፒቲኦው (የሞተሩን ጉልበት ለሌላ መሣሪያ የሚሰጠው ዘንግ) በደቂቃ 540 ጊዜ የሚዞር፣ ባለ ሦስት ነጥብ ማንሻ (መሣሪያው ከኋላ የሚገጠምበት)፣ ቢገለበጥ ሾፌሩን የሚያድን ብረት ያለው። በልማት ባንክ ሊዝ ከሄድን 20 በመቶው ከእኛ፣ 80ው ከባንኩ ነው። ዓርብ ማታ እዘጋዋለሁ። የፊደል ግድፈት አትልቀሙልኝ፤ ስለ ነገሩ ጻፉ።

ባለ አራት በሬ
«ሚኒ» የሚለው ይውጣ።

ጸሐፊ
ምን አደረገህ?

ባለ አራት በሬ
ሚኒ ምንድነው? ቀሚስ ነው? የጅሩ ሰንጋ በሚወጣበት አገር ሚኒ ትራክተር? ሚኒ ብለን ጽፈን ስንልክ ባንኩም ሚኒ ብር ነው የሚሰጠን። ትልቅ ስትለምን ትንሽ ይሰጡሃል። ትንሽ ከለመንክ ምን ሊተርፍህ ነው?

ሾፌሩ
እውነቱን ነው። ከተማ ስገባ ልጆቹ «ሚኒ መጣች» ነው የሚሉኝ። የምነዳው እኔ፣ የምሰደበውም እኔ።

ገንዘብ ያዥ
አንተን ደግሞ ማን ሾፌር አደረገህ?

ሾፌሩ
ስሜን አንብብ።

መካኒኩ
ስሙን ተዉትና ጎማውን እዩ። አንድ መደብ ከነቦዩ 120 ሳንቲም ነው፤ 80ው መደብ፣ 40ው ቦይ። ጎማው መሄድ ያለበት ቦዩ ውስጥ ነው። ከአንዱ ጎማ መሀል እስከ ሌላው ጎማ መሀል 120 ካልመጣ ትራክተሩ መደቡ ላይ ይወጣል። ያወጣውን መደብ መልሶ ራሱ ይደፈጥጠዋል። ትልልቆቹ ትራክተሮች አብዛኞቹ እስከዚያ አይጠቡም። ትንሽ የምንገዛው ድሃ ስለሆንን አይደለም፣ ልካችን እሱ ስለሆነ ነው። ረቂቁ ላይ ግን ስለ ጎማ ስፋት አንድ መስመር የለም።

ሌላው 35 የፈረስ ጉልበት የሚለው ነው። እሱ ቁጥር ባሕር ዳርቻ ላይ የተለካ ነው። እኛ ያለነው ከ2,600 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ (አየር የሚገፋለት) የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ይደክማል። 35 ብለህ የገዛኸው እዚህ ሲደርስ 26 ይሆናል። ፒቲኦው ጋ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ይቀነሳል። ወይ ባለ ቱርቦ ይባል፣ ወይ 45 ይጻፍ። የማንሻው ፒንም ካታጎሪ አንድ ተብሎ ይጻፍ፣ የታችኛው 22 ሚሊ። ያለዚያ ቢቢኤሙ ይመጣና አይገጥምም። የፓምፑን ነገር ታውቁታላችሁ።

ባለ አራት በሬ
120 ሳንቲም? የሕፃን አልጋ ነው እኮ።

ገንዘብ ያዥ
ፓምፑን ማን አነሳው? እኔ ያኔ ቧንቧው አይገጥምም ብዬ ነበር። ቃለ ጉባኤው ላይ አለ። ደረሰኙም እጄ ላይ አለ። ፓምፑ የት እንዳለ ደግሞ የሚያውቅ ያውቃል፣ ዶሮ ሰፍሮበታል።

ሽማግሌው (ማክሰኞ)
እኔ ትንሹ ይገዛ ባይ ነኝ። በ1960ዎቹ አርሲ ጭላሎ ትራክተር ሲገባ ባለመሬቱ ጢሰኛውን እያስነሳ ራሱ አረሰ። ትልቅ ትራክተር ድንበር አይወድም። የእኛ ማሳ አንዱ ጥማድ እዚህ፣ ሌላው ከወንዝ ማዶ ነው። ትንሹ ማሳው ጫፍ ላይ ዞሮ ይመለሳል። ትልቁ ለመዞር የጎረቤት ባቄላ ረግጦ ነው። ግን ልጁም አልተሳሳተም። ሚኒ የፈረንጅ ቃል ነው። «አነስተኛ» በሉት።

ባለ አራት በሬ
ጋሼ፣ አነስተኛ ካልን ጥቃቅንና አነስተኛ መስለን ቁጭ አልን። ሼድ ውስጥ ብሎኬት አምርቱ ይሉናል።

ሾፌሩ
«መለስተኛ»?

ጸሐፊ
ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው የምንከፍተው?

የሜሪላንዱ
ሰላም ነው? አሁን ነው ያየሁት። እዚህ ያገለገለ በሽ ነው። ብርቱካናማ ኩቦታ፣ ከፊት ባልዲ ያለው፣ 24 ነጥብ ምናምን የፈረስ ጉልበት። ሰዉ ጓሮውን ያጭድበታል። ኮንቴይነር ውስጥ እንክተተው? ደግሞ እዚህ ሚኒ አይሉትም፣ ኮምፓክት ነው የሚሉት።

ባለ አራት በሬ
ኮምፓክት ጥሩ ነው! ክብደት አለው።

መካኒኩ
ወንድሜ፣ 24 ነጥብ ምናምን የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። እናንተ ጋ ከ25 የፈረስ ጉልበት ጀምሮ የጭስ ሕጉ ይጠብቃል። ፋብሪካዎቹ ከመስመሩ ዝቅ አድርገው ይሠሩታል። ከመስመሩ በላይ ያሉት ብዙዎቹ የጭስ ማጣሪያ ተገጥሞላቸዋል። እሱ ድኝ የሌለበት ናፍጣ ይፈልጋል። ሲዘጋ በኮምፒውተር እንጂ በመፍቻ አይከፈትም። 24ቱን ላምጣ ካልክ ደግሞ ከፍታውን ቀንስለት፣ 18 ይቀርሃል። 18 ይዘህ መረሬ ውስጥ ብትገባ በበሬ ተጎትተህ ነው የምትወጣው።

ገንዘብ ያዥ
የእርሻ መሣሪያ ከ2011 ጀምሮ ከቀረጥ ነፃ ነው። አዲስ እንገዛለን። ወንድሜ፣ አንተ ብሩን ላክ።

የሜሪላንዱ
ስለ ብሩ በኋላ እጽፋለሁ፣ ሥራ ልገባ ነው።

የልጆች እናት
ከትናንት ጀምሮ ሳነብ ነበር። ይህን ነገር ያነሳነው ሴቶቹ መሆናችንን ረሳችሁት? ወንዱ በሬውን እየነዳ ያልፋል። እኛ ከኋላው ጎንበስ ብለን ጭቃውን በእጃችን እየዛቅን መደቡ ላይ እንቆልላለን። አንዱ ትልም ሲያልቅ ቀና ማለት አቅቶን በጉልበታችን ነው ወደሚቀጥለው የምንዞረው። መረሬ እንደ ሊጥ ነው የሚይዘው፤ ሊጥ ግን ጥፍር አያነሳም። ልጄ የክረምት ዕረፍቷን የምትጨርሰው እዚያ ነው። መካኒኩ 120 ያለውን ጻፉት። ስሙን እንደፈለጋችሁ።

ጸሐፊ
ልክ ነሽ፣ ይገባል። ፕሮፎርማ ግን ያስፈልገኛል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ሦስት ቦታ ይጠይቅልኝ። ዋጋ ብቻ ሳይሆን የጎማ ስፋትና የመለዋወጫ ዕቃም ይጠየቅ።

የመርካቶው
እኔ አለሁ። ረቡዕ ማታ እጃችሁ ላይ ነው።

ባለ አራት በሬ (ረቡዕ)
ታዲያ ኮምፓክት ተባለ?

ገንዘብ ያዥ
አንተ ሰውዬ መዋጮህን ከፍለሃል? ከመስከረም ጀምሮ ስምህ ፊት ለፊት ባዶ ነው። ቃል ለመምረጥ ግን አንደኛ ነህ።

ባለ አራት በሬ
ይሄ ስድብ ነው። በሬህን ሸጠህ ክፈል ነው የምትለኝ? በሕዝብ ፊት ነው የምታዋርደኝ?

*ባለ አራት በሬ ከቡድኑ ወጥቷል።*

ሽማግሌው
ገንዘብ ያዥ፣ ይሄ በውስጥ መስመር የሚባል ነገር ነው። ደውልለት።

ገንዘብ ያዥ
እሺ ጋሼ። ግን አልከፈለም።

ሾፌሩ
እሱ እስኪመለስ ጣራውን እንነጋገር። ጣራ ይጻፍልኝ። ጥር ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል።

መካኒኩ
ጣራው ፀሐይ ነው የሚከልል። ነፍስ የሚያድነው የኋላው ብረት ነው፣ እሱም ቀበቶ ስታስር። ወደ ጀማ ወንዝ በሚያወርደው ተዳፋት ላይ ብረቱን አጥፈህ የነዳህ ቀን እኔ ቁልፉን እቀበልሃለሁ።

*ባለ አራት በሬ ቡድኑን ተቀላቅሏል።*

ባለ አራት በሬ
ጋሼ ስለደወሉልኝ ነው የተመለስኩት። 2,000 አስገብቻለሁ፣ ቀሪው ከገና በኋላ። ሌላ ሐሳብ መጥቶልኛል። «ሁለገብ» እንበለው። ሁለገብ ትራክተር። ማንም አይንቀውም።

ሽማግሌው
ይሄ ቃል ነው።

ሾፌሩ
ሁለገብ! ተስማምቻለሁ።

ጸሐፊ
ይሁን፣ ሁለገብ ብዬ ጽፌያለሁ። ተገላገልን።

ገንዘብ ያዥ (ሐሙስ)
አንድ ጥያቄ። ሁለገብ ካልነው ባንኩ «ሌላው ገቡ የታለ?» ይለናል። ረቂቁ ላይ ያለው ቢቢኤም ብቻ ነው። ቢቢኤም በዓመት ስንት ቀን ይሠራል? ሁለት ሳምንት? ሦስት? ዕዳው ግን አሥራ ሁለቱንም ወር ይቆጥራል።

ሾፌሩ
ተሳቢ ይጨመር። ስንዴው ከማሳ እስከ ከተማ በአህያ ነው የሚጓዘው። ተሳቢ በሳምንት ሰባት ቀን ይሠራል።

ባለ አራት በሬ
መውቂያም። ፒቲኦው 540 ይዞራል ተብሏል አይደል? መውቂያ ያዞራል። ታኅሣሥና ጥር ገንዘብ ነው።

መካኒኩ
መውቂያ ከሆነ የሞተሩን ጉልበት እንደገና ማየት አለብን። ተሳቢ ከሆነ ፍሬኑንም። ጭነቱ ከትራክተሩ ከበለጠ ቁልቁለት ላይ የሚነዳው ተሳቢው ነው። ደግሞ ለተሳቢ ብላችሁ ጎማውን እንዳታሰፉት።

ጸሐፊ
የመርካቶው፣ ፕሮፎርማው?

ጸሐፊ
የመርካቶው?

ሾፌሩ
ኦንላይን ነው። አንብቦታል።

ጸሐፊ
ሌላ ሰው ይሂድ።

ባለ አራት በሬ
የእኔ እህት ልጅ ሳሪስ አለ። እነግረዋለሁ። ግን ስልኩ ሰሞኑን አይሠራም።

ጸሐፊ (ዓርብ ማታ)
ጨረስኩ። ርዕሱ «ሁለገብ የእርሻ ትራክተር ከተሳቢና ከመውቂያ ጋር» ሆኗል። ባለ ቱርቦ፣ 45 የፈረስ ጉልበት፣ ካታጎሪ አንድ፣ ባለ ብረትና ቀበቶ። ፕሮፎርማ ስላልመጣ ዋጋው ላይ «ይያያዛል» ብዬ ትቼዋለሁ። መዋጮአችን ለሦስቱም 20 በመቶ ስላልበቃ አንዱ መቅረት ነበረበት። ከሰብሳቢውና ከገንዘብ ያዥ ጋር ተነጋግረን ቢቢኤሙን ወደ ምዕራፍ ሁለት አሳልፈነዋል።

የልጆች እናት
ምዕራፍ ሁለት መቼ ነው?

ገንዘብ ያዥ
ተሳቢው ገቢ ሲያስገባ።

የልጆች እናት
ጎማውስ? 120 ተጽፏል?

ጸሐፊ
እሱን... ተሳቢ ስለሚጎትት ሰፋ ያለ ቢሆን አይገለበጥም ተባለና «እንደ ፋብሪካው» ብዬ አለፍኩት።

መካኒኩ
ሰኞ ነው እኮ የጻፍኩት።

የልጆች እናት
ሐምሌ ላይ ማሳው ጋ እንገናኝ። ቦት ጫማ ሳይሆን እጃችሁን ይዛችሁ ኑ።

ባለ አራት በሬ
ኮፈኑ ላይ የማን ስም ይጻፋል? የማህበሩ ወይስ የወረዳው?

ሾፌሩ
ጣራው ተጻፈ?