የራሴን ክላስ ለዌብ ሰርቪስ ስልከው «ታይፑ አይገጥምም» ይለኛል

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሲ ሻርፕ (C#) «ተማሪ» የሚባል ክላስ (የራሴ የዳታ ታይፕ) ጽፌያለሁ። ስም፣ የትውልድ ቀንና ነጥብ ይይዛል። ክላሱን ለብቻው ላይብረሪ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ዌብ ሰርቪሱም (በኔትወርክ የሚጠራው ፕሮግራም)፣ ሰርቪሱን የሚጠራው ፕሮግራምም ይህንኑ ላይብረሪ ይጠቀማሉ። ስትሪንግ (ጽሑፍ) ወይም ቁጥር ብልክ ያለችግር ይሄዳል። ተማሪውን እንዳለ ስልከው ግን ኮምፓይለሩ «ተማሪን ወደ ተማሪ መቀየር አይቻልም» ይለኛል። ሁለቱ አንድ ክላስ አይደሉም እንዴ? ሁለት ቀን ታገልኩት፤ እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ፦
አይደሉም፤ አንድ የሆነው ስማቸው ብቻ ነው። ጠሪው ፕሮግራም ላይ ዌብ ሪፈረንስ (ከሰርቪሱ ጋር የሚያገናኘውን) ስትጨምር ቪዥዋል ስቱዲዮ የሰርቪሱን ደብልዩኤስዲኤል (WSDL፣ ሰርቪሱ ምን እንደሚቀበል የሚገልጽ ፋይል) አንብቦ የራሱን «ተማሪ» ይፈጥራል፤ ያውም በሌላ ኔምስፔስ (የስም ክልል)። የምትጠራው የሰርቪሱ ሜተድ የሚጠብቀው ያንን ነው። በኔትወርኩ የሚጓዘው ኤክስኤምኤል (XML፣ በጽሑፍ መልክ የተቀመጠ ዳታ) እንጂ ኦብጀክቱ ራሱ አይደለም። ሜተዶችህ አብረው አይሄዱም፤ የሚያልፈው ዳታው ብቻ ነው። ስለዚህ ከሪፈረንሱ የመጣውን ክላስ በኒው ፍጠርና ከራስህ ክላስ ዳታውን አንድ በአንድ ገልብጥበት። ስራው ያሰለቻል። እኔ ግን ይሄንን መንገድ እመርጣለሁ፤ ነገ የውስጥ ክላስህን ብትቀይር ሰርቪሱ አይነካም።

ሌላ መልስ፦
ሰርቪሱ በደብልዩሲኤፍ (WCF፣ የማይክሮሶፍት ሰርቪስ መሥሪያ) የተሠራ ከሆነ መገልበጥ ላያስፈልግህ ይችላል። ሰርቪስ ሪፈረንስ (ከዌብ ሪፈረንስ በኋላ የመጣውን) ስትጨምር «አድቫንስድ» ውስጥ ግባ፤ ላይብረሪው ውስጥ ያሉትን ታይፖች መልሶ እንዲጠቀም ምረጥ። ላይብረሪውን ግን አስቀድመህ ፕሮጀክቱ ላይ ጨምር። የድሮው ኤኤስኤምኤክስ (ASMX፣ ከደብልዩሲኤፍ በፊት የነበረው መሥሪያ) ከሆነ የላይኛው መልስ ይሻላል። እዚያ ክላሱ ፓራሜትር የሌለው ኮንስትራክተር (ኦብጀክቱ ሲፈጠር የሚሠራ ኮድ) ያስፈልገዋል። ዲክሽነሪ ካለበትም በሊስት ተካው፤ ኦብጀክትን ወደ ኤክስኤምኤል የሚቀይረው ሲሪያላይዘር አይቀበለውም።

ጠያቂው፦
ሰርቪሱ ደብልዩሲኤፍ ነው፤ ጠሪው ፕሮግራም ግን ቆየት ያለ ስለሆነ ያለኝ ዌብ ሪፈረንስ ብቻ ነው። ገለበጥኩት፤ ኮምፓይል አደረገ። አሁን ስሙ ይደርሳል። ነጥቡ ግን 85 ብዬ ብልከውም ሰርቪሱ ጋ 0 ሆኖ ይገኛል። ምን አጠፋሁ?

ሦስተኛ መልስ፦
ይቺ ነገር እኔንም አንድ ሙሉ ቀን በልታብኛለች። የተፈጠረውን ክላስ ከፍተህ እይ። ከነጥብ ጎን «ነጥብ ስፔሲፋይድ» የሚል ቡሊያን (ትሩ ወይም ፎልስ የሚይዝ) ፕሮፐርቲ አለ። እሱን ትሩ ካላደረግከው ነጥቡ ኤክስኤምኤሉ ውስጥ ጭራሽ አይገባም። ሰርቪሱ ደግሞ ያልደረሰውን ቁጥር 0 አድርጎ ይወስደዋል። ስትሪንግ ነል (ባዶ) መሆን ስለሚችል ይህ ጣጣ የለበትም፤ ኢንት (ቁጥር) እና ዴትታይም (ቀን) ግን አለባቸው። ሰርቪሱ ያንተ ከሆነ ዳታሜምበሩ (ነጥብ እንዲላክ የሚያደርገው ምልክት) ላይ «ኢዝሪኳየርድ» (ግዴታ ነው) የሚለውን ትሩ አድርገህ ሪፈረንሱን አድስ፤ ተጨማሪዋ ፕሮፐርቲ ትጠፋለች። ሌሎች ጠሪዎች ካሉህ ግን ተጠንቀቅ። ነጥብ ሳይልኩ ሲጠሩ የኖሩት በዚያው ቀን ኤረር ይመጣባቸዋል።

ጠያቂው፦
ሌሎች ጠሪዎች ስላሉኝ ሰርቪሱን አልነካሁትም። ስፔሲፋይዶቹን ትሩ አደረግኳቸው፤ 85 ደረሰ! የትውልድ ቀኑም እስከዛሬ 1/1/0001 ሆኖ ሲገባ እንደነበር ያየሁት ገና አሁን ነው። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ።