ድሬ ላይ ቲማቲም አበባውን ለምን ያራግፋል? የቆስጣ ችግኝስ ለምን ይተኛል?

የሳቢያኗ፦
ሰላም የጓሮ ሰዎች። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ደብተሬን ካስቀመጥኩ እጄ አፈር ውስጥ ነው። ቦታዬ 3 በ4 ሜትር ነው፤ አፈሩ አሸዋማ፣ ጥላ የሚባል ነገር የለውም። መደቦቹን ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጌያቸዋለሁ። የፍየል በጠጥ ጨምሬበታለሁ፣ ጠዋትና ማታ ትንሽ ትንሽ ውሃ አጠጣለሁ። አሁን በሚያዝያ ቲማቲሙ (ሮማ ነው) አበባ በአበባ ሆኗል፤ ግን አበባው ከነአንገቱ ይረግፋል። ፍሬ የያዙት ጥቂቶቹም ቂጣቸው ይጠቁራል። ቆስጣው በቅሎ ሁለት ቅጠል ሲያወጣ አንገቱ እንደ ክር ቀጥኖ ይተኛል። አፈሩ ላይ ደግሞ ነጭ ነገር ወጥቷል። እማዬ “አመድ ነስንሺበት” ትለኛለች። ልነስንስ?

የኒም ጥላ፦
አመዱን ተዪው እህቴ። የድሬ ውሃ ሲፈላ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር እኮ ኖራ ነው። አመድም የሚሠራው የኖራን ሥራ ነው። አሲዳማ አፈር ያላቸው ደገኞች ቢጠቀሙበት ልክ ናቸው፤ እኛ ጋ ግን ኖራው ስለሚበዛ፣ የብረት ማዕድኑ አፈር ውስጥ እያለ ተክሉ መሳብ ያቅተዋል። አዲስ የሚወጣው ቅጠል ቢጫ ሆኖ የቅጠሉ ደም ሥር ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ምልክቱ እሱ ነው።

አበባውን የሚያረግፈው ሙቀት ነው። ቀን ከ32-35 ዲግሪ ካለፈ፣ በተለይ ሌሊቱም ከ21-24 በታች አልወርድ ካለ፣ የቲማቲም የአበባ ዱቄት ይበላሻል፤ ሳይዳቀል የቀረ አበባ ይረግፋል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ የድሬ ሌሊት እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ዩሪያ ጨምሪ የሚልሽ ካለ አትስሚው፤ ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጥሽም። መፍትሔው ወሩን መቀየር ነው፦ ዘሩን በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም 1 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ዝሪ፣ ከ4-5 ሳምንት በኋላ በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት አዛውሪው፤ አበባው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይውላል። ላሉሽ ተክሎች ከ5 እስከ 10 ሰዓት ድረስ ጥላ ስጫቸው። የተተረተረ ጆንያ በ2 ሜትር እንጨት ላይ መወጠር ይበቃል፤ የምዕራቡን ጎን አትርሺ፣ የሚያቃጥለው የከሰዓቱ ፀሐይ ነው።

የቂጡ መጥቆር የካልሲየም እጥረት ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። ግን ካልሲየሙ ውሃሽ ውስጥ ሞልቷል። ወደ ፍሬው የሚያደርሰው ውሃ አንዴ ሲበዛ አንዴ ሲጠፋ ነው የሚጎድለው። አጠጣጥሽን አስተካክዪ፤ የጠቆረውን ቀጥፈሽ ጣዪው፣ አይድንም።

ጁገል ጓሮ፦
ዋናው ነገር መደቡ ነው። ከፍ ያለ መደብ ውሃ ለሚተኛበት አገር ነው፤ አሸዋማና ሞቃት ቦታ ላይ ከአራቱም ጎን ይደርቃል። አፍርሺውና ዝቅ ያለ አድርጊው፦ ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ ከመተላለፊያው 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለ፣ ዙሪያው በወጣው አፈር የተከበበ። ክረምት ሲገባ በአንድ በኩል ማፍሰሻ ክፈቺለት። ለአንድ ካሬ አንድ ባለ 10 ሊትር ባልዲ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅዪ። የፍየል በጠጥ ትኩሱን ከሆነ የጨመርሽው ሥር ያቃጥላል፤ እርጥብ አድርገሽ 2-3 ወር ከምሪው።

በዚህ ሙቀት አንድ ካሬ በቀን ከ6-8 ሊትር ይፈልጋል። መተላለፊያው ሲቀነስ 8 ካሬ ቢቀርሽ ሦስት ጄሪካን ገደማ ነው። ለትልልቁ ተክል የሁለት ቀኑን አንድ ላይ፣ በየሁለት ቀኑ፣ በጠዋት ስጪ። ያ ነጩ ነገር ጨው ነው። ትንሽ ትንሽ ሲጠጣ ውሃው ወደ ታች ሳይወርድ ተንኖ ጨውን ላይ ይተወዋል። በወር አንዴ እጥፍ አጠጥተሽ ወደ ታች እጠቢው። የኦሞ ውሃ አትድፊበት፤ የአትክልት እጣቢ ግን ደህና ነው።

ደረቅ ሣር 5 ሳንቲ ሜትር ጉዝጓዝ አድርጊ። ምስጥ ካለ ግን ቀጭን አድርጊው፣ ከግንዱም አንድ ስንዝር አርቂው። ሰላጣም ዝሪበት፣ ቶሎ ይደርሳል።

የኒም ጥላ፦
ሰላጣው ለእናንተ ለሐረሮች ነው አቦ! ሐረር ከድሬ 600 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። እዚህ በሚያዝያ የሰላጣ ዘር አይበቅልም፤ ቢበቅልም ቶሎ አገዳ አውጥቶ ይመራል። እስከ ጥቅምት ይቆይ።

ገራባ ሰብሳቢ፦
ስለ ቆስጣው ማንም አልመለሰልሽም። ችግኝን አንገቱ ላይ የሚጥለው አፈር ውስጥ ያለ ሻጋታ ነው፤ የሚያበረታታው የማታ ውሃና ተጠጋግቶ መዝራት ነው። አንድ የቆስጣ ዘር ውስጡ ሁለት ሦስት ፍሬ ስላለው ሳታውቂው ይጨናነቃል። ሌሊቱን ነክረሽ በ2 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ዝሪ፤ ሲበቅል አሳሺ፣ በ25-30 ሳንቲ ሜትር አንድ ብቻ ተዪ። የታመመውን መደብ በግንቦት አጠጥተሽ፣ ግልጽ ላስቲክ አልብሰሽ ጠርዙን በአፈር ቅበሪ፤ ከ4-6 ሳምንት የድሬ ፀሐይ ያበስለዋል። ጨው የሚችል ቅጠል ከፈለግሽ ከቆስጣ የሚሻል ብዙም አታገኚም፣ ተስፋ አትቁረጪበት።

ብስባሽ በነፃ ታገኛለሽ፤ ገራባ (የጫት ትራፊ) በየደጁ አለ። ዘንጉን ከ3-5 ሳንቲ ሜትር ቆራርጪው፣ ካልሆነ አይበሰብስም። ሦስት እጅ ገራባ ከአንድ እጅ በጠጥ ጋር አርጥበሽ ከምሪ፣ በየሁለት ሳምንቱ ገልብጪ። ጫት ላይ መድኃኒት የሚረጩ ስላሉ ገና ያልበሰበሰውን ቅጠሉ ለሚበላ ነገር አትጠቀሚበት።

የሳቢያኗ፦
እሺ፣ አመዱን ተውኩት። አሁን መደቡ ባዶ እንዳይቀር ምን ልዝራ? ክሽክሽም (ቅጠል የሚመጠው ትንንሽ ተባይ) አለ።

የኒም ጥላ፦
ባሚያ፣ ደበርጃን፣ ስኳር ድንች፤ ሦስቱም ሙቀት ይወዳሉ። ባሚያውን ነክረሽ በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት በቀጥታ መደቡ ላይ ዝሪው፣ ማዛወር አይወድም። ፍሬው ጣት ሳያክል በየሁለት ቀኑ ቁረጪ፤ ከዘገየሽ እንጨት ይሆናል።

ለክሽክሹ ከመንገድ ዳር የኒም ፍሬ ልቀሚ፤ ሥጋውን አጥበሽ ዘሩን ጥላ ላይ አድርቂ። 50 ግራም አስኳል ወቅጠሽ በ1 ሊትር ውሃ አሳድሪ፣ በነጠላ አጥልዪ፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሪና አመሻሽ ላይ የቅጠሉን ሆድ እርጪ። ፀሐይ ኃይሉን ስለሚያጠፋው ጠዋት ረጭተሽ አትድከሚ። በየሳምንቱ ድገሚ። ቆስጣ ላይ ከረጨሽ ግን 3 ቀን ቆይተሽ፣ በደንብ አጥበሽ ነው የሚበላው፤ ይመራል።