«እንጦጦ ተራራ ነው» ተባልኩ

የጉለሌ ልጅ፦ ትናንት ለቅሶ ቤት ነኝ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት የት እንደተማርኩ ጠየቁኝ። «እንጦጦ» አልኩ። ፈገግ አሉና «ልጄ፣ እንጦጦ ተራራ ነው። ትምህርት ቤቱ ተፈሪ መኮንን ነው የሚባለው» አሉኝ። ድንኳን ውስጥ ሰው ሳቀብኝ። ለቅሶ ባይሆን መልስ ነበረኝ። እኔ በ1985 አስራ ሁለተኛን የጨረስኩት ተራራ ላይ ነው እንዴ?

ተፈሪያዊው፦ ሰውየው ምን አጠፉ? ትምህርት ቤቱን በ1917 የከፈቱት ራስ ተፈሪ ናቸው፣ ገና አልጋ ወራሽ ሳሉ። ስሙን የፋቀው ደርግ ነው። ማንም አልሰደበህም። ትክክለኛ ስሙን ነገሩህ።

የጉለሌ ልጅ፦ «ትክክለኛ» ስትል? የኔ ሰርተፊኬት ላይ ማኅተሙ እንጦጦ ይላል። ልመልሰው?

ጨዋታ ነው፦ እንጦጦ ተራራ ከሆነ ኮከበ ጽባሕም ኮከብ ነው። እኛ «ከፍተኛ 12» የሚባል ትምህርት ቤት የተማርነው ደግሞ የቁጥር ልጆች ሆነን ቀረን በቃ።

ዊንጌቴ፦ እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ደርግ የንጉሡን ስም ፍቆ የእኛን ትምህርት ቤት ስም፣ የእንግሊዙን ጄኔራል ዊንጌትን፣ ሳይነካ ተወ። ፀረ ኢምፔሪያሊስት ነኝ የሚል መንግሥት! እኛ ዊንጌት ገባን፣ ዊንጌት ወጣን።

ጨዋታ ነው፦ ይኸው መጡ። ዊንጌቶች ሳይጠሩ ነው የሚመጡት። አሁን ስለ አዳሪ ቤቱ ሊነግሩን ነው።

ዊንጌቴ፦ እነግራችኋለሁ እንጂ። ከየጠቅላይ ግዛቱ ተለቅመን የመጣን ነን። ምን ይደረግ?

መነን 60ዎቹ፦ የኛም እቴጌ መነን የካቲት 12 ተብሎ ነበር። ልጄ በዚያ ስም ነው የተማረችው። እኔ መነን እላለሁ፣ እሷ የካቲት ትላለች። አንድ ደረጃ ወጥተን ወርደናል። ደግሞስ በየካቲት 12 ማን ያፍራል? ግራዚያኒ ሕዝብ ያስጨረሰበት ቀን ነው።

ተፈሪያዊው፦ እትዬ፣ ቀኑን መች አቃለልኩ? ለቀኑ እኮ ስድስት ኪሎ ሐውልት ቆሞለታል። ትምህርት ቤቱ የራሱ ስም ነበረው ነው የምለው።

የወሎ መምህር፦ ደሴ ብትመጡ ወይዘሮ ስህን ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ስህን ማለት የእቴጌ መነን እናት ናቸው። የልጅን ስም ፍቆ የእናትን መተው! የሚፍቀው ሰውዬ የዘር ሐረጉን አላወቀም መሰለኝ።

ዊንጌቴ፦ እኔስ ይህንኑ አይደል ያልኩት?

ዲሲ 20 ዓመት፦ ስሙ መመለስ አለበት፣ አለቀ። እኛ እዚህ በየዓመቱ በሐምሌው የስፖርት በዓል ስንገናኝ ለድሮ ትምህርት ቤታችን መጻሕፍት እንላክ እንባባላለን። ግን መጀመሪያ ሰሌዳው ይስተካከል።

የጉለሌ ልጅ፦ መጽሐፉ ለልጆቹ ነው ወይስ ለሰሌዳው?

ዲሲ 20 ዓመት፦ ነገር አታጣምም። በእኛ ጊዜ እኮ ካናዳውያኑ ኢየሱሳውያን፣ የካቶሊክ መነኮሳቱ፣ የተከሉት ሥርዓት ነበር። በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ያቋቋሙት እነሱ ናቸው። ጥራት ነበር ጥራት!

የወሎ መምህር፦ ይቺ «ጥራት» ሰለቸችኝ። ጥራት የምትሉት ጥቂትነታችሁን ነው። ከስንት ልጅ አንዱ ነበር አስራ ሁለተኛ የሚደርሰው? እኔ ያስተማርኩበትን ቤት ስሙን አልጠራም። በፈረቃ ነበር፣ ክፍሉ ውስጥ ሰማንያ ልጅ፣ አንድ ዴስክ ላይ አራት። ከነሱም ሐኪም ወጥቷል። ለነሱ ግን ዲሲ ላይ የሚሰበሰብላቸው የለም።

ዲሲ 20 ዓመት፦ እሱ የኔ ጥፋት ነው?

ጨዋታ ነው፦ ተዉ እንጂ፣ ወደ ተራራው እንመለስ።

ተፈሪያዊው፦ እሺ፣ ወደ ተራራው። እኔ በ1967 ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ የወጣሁት ከዚያ ግቢ ነው። ከክፍላችን ልጆች ኋላ በቀይ ሽብር ያለቁ አሉ። እነሱ እንጦጦ የሚባል ትምህርት ቤት አያውቁም። እኔ ስሙን ስጠራ ንጉሡን እየናፈቅኩ አይደለም። እነዚያን ልጆች ነው የምጠራው።

መነን 60ዎቹ፦ ነፍስ ይማር። ከኛም አሉ።

የጉለሌ ልጅ፦ ጋሼ፣ የስልሳ ሰባት ሰው መሆንዎን አላወቅኩም። አንተ ስል ነበር፣ ይቅርታ። ግን አንድ ነገር ልበል። ትናንት የተቀመጥነው ለማን ለቅሶ መሰለዎት? ዘጠነኛ ክፍል ሆነን አንድ ወንበር ላይ ለተቀመጥን ልጅ ነው። የእንጦጦ ልጅ ነበር። እሱም ተፈሪ መኮንን ብሎ አያውቅም።

ተፈሪያዊው፦ እግዜር ያጽናህ ልጄ። አልሰማሁም ነበር።

የጉለሌ ልጅ፦ አሜን። እና እንጦጦ ተራራ ነው ወይ?

ተፈሪያዊው፦ ተራራስ ተራራ ነው።

የጉለሌ ልጅ፦ እንደገና ጀመሩ!

ጨዋታ ነው፦ እኔ ደግሞ ለከፍተኛ 12 ስም የሚያወጣልኝ አጣሁ።

ዊንጌቴ፦ ደርግ ግን ዊንጌትን ለምን ተወው? ማንም አልመለሰልኝም እኮ።