ፓክሊታክሰል ያገኛቸው ሴሎች የሚለቁት ቬሲክል በዛብኝ፤ መድኃኒቱ ነው ወይስ ሞታቸው?

የአምባሰል ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስዊድን ውስጥ የዶክትሬት ትምህርቴን እየተማርኩ ነው፤ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የጡት ካንሰር ሴሎች መድኃኒት ሲያገኛቸው ወደ ውጭ የሚለቋቸውን ጥቃቅን ከረጢቶች እቆጥራለሁ፣ ውስጣቸው ያለውንም አያለሁ። ኤክሶዞምና ሌሎቹን ቬሲክሎች ማለቴ ነው። ኤክሶዞሞቹ ከ30 እስከ 150 ናኖሜትር ገደማ ናቸው፤ ሴሉ ፕሮቲንና አር.ኤን.ኤ ጭኖባቸው ይለቃቸዋል፣ ሩቅ ያለ ሌላ ሴል ይቀበላቸዋል። ይህን ሥራ የመረጥኩት አክስቴን በዚሁ በሽታ ካጣኋት በኋላ ነው፤ ጡቷ ላይ ያለው እብጠት ጠፍቶ ሳንባዋ ላይ ሲወጣ መንገዱ ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳን አልቻለም ነበር።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ኤም.ዲ.ኤ-ኤም.ቢ-231 የሚባሉትን የጡት ካንሰር ሴሎች ፓክሊታክሰል በሚባለው የኬሞ መድኃኒት፣ በ10 ናኖሞላር መጠን 48 ሰዓት አቆየኋቸው። ያደጉበትን ፈሳሽ ሰብስቤ መጀመሪያ በዝቅተኛ ፍጥነት ስብርባሪውን አስወገድኩ፣ ከዚያ በ100,000 ጂ አሽከርክሬ ከቱቦው ግርጌ የቀረውን በቅንጣት መቁጠሪያው ማሽን አየሁት። ስክሪኑ ላይ ከዝናብ በኋላ አምፖል ሥር እንደሚርመሰመስ አሸን ነበር። ቁጥሩ መድኃኒት ካላገኙት 2 እጥፍ ተኩል ሆነ። አማካሪዬ ደስ አለው። እኔ ግን ልቤ አላረፈም፤ ምክንያቱም ፍላስኩን በማይክሮስኮፕ ሳየው ብዙዎቹ ሴሎች ድቡልቡል ብለው ከግርጌው ተላቀዋል።

የኤክሶዞም ልቀትን የሚያግደውን ጂ.ደብሊው.4869 ስጨምርም ቁጥሩ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ የቀሩት ደግሞ ትልልቆቹ ናቸው። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ መድኃኒቱ ያስለቀቀውን ሴሉ ሲሞት ከፈረሰው እንዴት ትለያላችሁ?

ከፍኖተ ሰላም፦

እህቴ፣ መጠርጠርሽ ደግ ነው። እኔ በፕሮስቴት ካንሰር ሴሎች ላይ 6 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን 4 ወራት ያጠፋሁት ግን የላም ቬሲክል በመቁጠር ነው። ሴሎቹን የምንመግበው የጥጃ ፅንስ ሴረም በራሱ በቬሲክል የተሞላ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሴረምሽ ከቬሲክል የጸዳ መሆኑን አረጋግጪ፤ ሴል የሌለበት፣ ፈሳሹና መድኃኒቱ ብቻ ያለበት አንድ ፍላስክም ከሌሎቹ ጋር እኩል አቆይተሽ ቁጠሪው። መድኃኒቱ ራሱ ተጓጉሎ ቅንጣት መስሎ ሊቆጠር ይችላል።

ድቡልቡል ሆነው ያየሻቸው ሁሉ ሞተዋል ማለት አይደለም። ፓክሊታክሰል የሴሉን ማይክሮቲዩቡል፣ ማለትም የውስጥ አጽሙን ቀጫጭን ቱቦዎች፣ አድርቆ ይይዘዋል፤ ሴሉ ለመከፈል ተነሥቶ መሀል መንገድ ይቆማል፣ ሲቆም ይደበልላል። ትራይፓን ብሉ የሚባለውን ማቅለሚያ ጨምረሽ እያቸው። የሞተው ሽፋኑ ስለተቀደደ ሰማያዊውን ይጠጣል፤ ሕያው የሆነው ደግሞ መሀሉ እያበራ ጠርዙ ጥርት ብሎ ይታያል። እነዚያው ማይክሮቲዩቡሎች ከረጢቶቹ በሴሉ ውስጥ የሚጓዙበት ሐዲድ ስለሆኑ፣ መድኃኒቱ በልቀቱ ላይ ቢገባ አይደንቅም።

አሁን ዋናው ወጥመድ። ሁላችንም «ቁጥሩን በሕያው ሴል አካፍሉት» እንባላለን፤ ልክ ነው፣ ግን አንቺን አያድንሽም። የታከመው ፍላስክ ውስጥ ሕያው ሴል ያነሰ ስለሆነ ስታካፍዪ ልዩነቱ ይሰፋል፤ የሞቱት የጣሉት ስብርባሪ ሁሉ በሕያዋኑ ስም ይመዘገባል። የሚለይልሽ ጊዜ ነው። በ6፣ በ12 እና በ24 ሰዓት ሰብስቢ። ሞት ሳይጨምር ልቀቱ ከጨመረ መድኃኒቱ አስለቅቋል። ከዚያ በ48 ሰዓቱ ላይ የካስፔዝ ማገጃ ጨምረሽ ድገሚው፤ ካስፔዝ ሴሉ ራሱን በሥርዓት የሚገድልበት (አፖፕቶሲስ) ኤንዛይም ስለሆነ፣ ከዚያ የመጣው ድርሻ ይወርዳል። ፕሮቲን በሚለየው በዌስተርን ብሎት የቬሲክል መለያ የሆኑት ሲ.ዲ.63፣ ሲ.ዲ.81 እና ቲ.ኤስ.ጂ.101 መኖራቸውን እዪ። ከሴሉ ውስጥ መውጣት የሌለበት ፕሮቲን፣ ካልኔክሲን፣ ደምቆ ከወጣ ግን የያዝሽው በአብዛኛው የፈረሰ ሴል ነው።

ስለ ጂ.ደብሊው.4869 የጠየቅሽው ይበልጥ ደስ ይለኛል። እሱ የሚያግደው ሴራሚድ የሚባለውን ቅባት የሚሠራውን ኤንዛይም፣ ስፊንጎማየሊኔዝን ነው። ሴራሚድ ኤክሶዞሞች በውስጠኛው ክፍል እንዲፈጠሩ እንደሚገፋ በ2008 ታይቷል (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ሴሉ ግን ሌላም በር አለው፤ ከውጭው ሽፋኑ በቀጥታ እያበጠ የሚቆረጥ ትልልቅ ማይክሮቬሲክል። ያ ኤንዛይም ሲታገድ ይህኛው በር ሊበረታ እንደሚችል ተጽፏል። ያንቺ ትልልቆቹ ከዚያ በር የወጡ ናቸው የሚል ግምት አለኝ።

በተቃራኒውም አለ። በሴሉ ውስጥ ከረጢቶቹን የያዘው ትልቁ አካል ሁለት ዕጣ አለው፤ ወይ የሴሉ ወፍጮ ከሆነው ሊሶሶም ገብቶ ይፈጫል፣ ወይ ሽፋኑ ጋ ሄዶ ይዘረግፋል። ባፊሎማይሲን ወይም ክሎሮኪን ወፍጮውን ሲያቆመው የሚዘረገፈው ይበዛል። በእኔ መስክ ደግሞ በ2018 የወጣ ሥራ አለ፤ 4,580 ውህዶችን በፕሮስቴት ካንሰር ሴሎች ላይ ፈትሸው ቲፒፋርኒብ፣ ለፈንገስ የምናውቀው ኬቶኮናዞልም ጭምር ልቀቱን ሲቀንሱ፣ ፎርስኮሊን ሲጨምር አይተዋል። «መድኃኒት ልቀትን ያበዛል» ብሎ በደፈናው መናገር የማልወደው ለዚህ ነው። የትኛው መድኃኒት፣ በየትኛው በር፣ በስንት ሰዓት፤ ይህ ካልተባለ ምንም አልተባለም።

ታላቅ ወንድም፦

ይቅርታ፣ እኔ የእናንተ ሙያ የለኝም፣ ፍለጋ ላይ ሆኜ ነው እዚህ የደረስኩት። እህቴ ቀዩን መድኃኒት 4 ዙር ጨርሳ ወደ ፓክሊታክሰል ተዛውራለች። ያላችሁትን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። መድኃኒቱ ካንሰሩን እየበተነባት ነው? ታቁም?

የአምባሰል ልጅ፦

ወንድሜ፣ አታቁም። እባክህ ይህን ከሁሉ አስቀድመህ ያዝልኝ። ይህን ሳትጽፍ ዝም ብለህ ሄደህ ቢሆን ኖሮ ራሴን ይቅር አልልም ነበር።

እኔ የማየው ፍላስክ ውስጥ ያሉ ሴሎችን ነው። አንተን ያስደነገጠህ ዓይነት ውጤት ያለው ሥራ በ2019 ከሎዛን የወጣው ነው፤ ፓክሊታክሰልና ዶክሶሩቢሲን፣ ማለትም ያ ቀዩ፣ ያገኛቸው የጡት ዕጢዎች የለቀቋቸው ቬሲክሎች አኔክሲን 6 በሚባል ፕሮቲን የበለጸጉ ነበሩ፤ ሳንባ ደርሰው በዚያ ያሉትን የደም ሥር ሴሎች ቀስቅሰው ለካንሰሩ ቦታ ሲያመቻቹ ታይቷል። ይህ ግን አይጦች ላይ ነው። በሰው ላይ ኬሞ የጡት ካንሰርን መመለስና ሞትን እንደሚቀንስ በብዙ ሺህ ሴቶች ላይ ለዓመታት ተፈትኖ የተረጋገጠ ነው። ተመራማሪዎቹም የሚፈልጉት መድኃኒቱ እንዲቀር አይደለም፤ ያንን መልእክት የሚዘጋ ነገር ከጎኑ እንዲጨመርለት ነው። አኔክሲን 6 ሲወገድ ቬሲክሎቹ ያ ጉልበት አልነበራቸውም፤ ተስፋውም እዚያ ላይ ነው።

ጭንቀትህን ለሐኪሟ ንገረው፣ ቀጠሮዋን ግን እንዳታሳልፍ። ማቅለሽለሹ፣ የጣቶቿ መደንዘዝ ካስቸገራት ሳትደብቅ ትንገራቸው፤ መጠኑን የሚያስተካክሉት እነሱ ናቸው።

ታላቅ ወንድም፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጣቶቿ መደንዘዛቸው እውነት ነው፣ ቁልፍ መቆለፍ አቅቷታል፣ እንዳይቀንሱባት ብላ ደብቃ ነበር። ሰኞ አብሬያት እገባና እኔው እናገራለሁ።

የአምባሰል ልጅ፦

ከአንድ ወር በኋላ ተመልሻለሁ። ሴል የሌለበት ፍላስክ ባዶ ማለት ይቻላል፤ ሴረሜ ንጹሕ ነበር። በ12 ሰዓት ላይ ሰማያዊ የሆኑት ሴሎች ከማነጻጸሪያው እኩል ናቸው፣ ቬሲክሉ ግን በሕያው ሴል ሲካፈል 1.6 እጥፍ ነው፤ ሦስቴ ደግሜው ያው ነው። በ48 ሰዓት ያ 2 እጥፍ ተኩል የነበረው በካስፔዝ ማገጃው ወደዚሁ ቁጥር ወረደ። ያኔ በሪፖርቴ ያስገባሁት ጭማሪ አብዛኛው ስብርባሪ ነበር ማለት ነው፤ ለአማካሪዬ ነግሬው ሥዕሉን ከሪፖርቱ አስወግደነዋል። ካልኔክሲኑ በ48ቱ ላይ ወፍሮ ወጥቷል፣ በ12ቱ ላይ የለም።

ከፍኖተ ሰላም፣ የ12 ሰዓቱ ፕሮቲን በጣም ጥቂት ነው፣ ከ10 ትልልቅ ፍላስክ ሰብስቤ ለአንድ ብሎት ብቻ ነው የሚበቃኝ። አኔክሲን 6ን ልይበት ወይስ ሲ.ዲ.63ን ላስቀድም?

ከፍኖተ ሰላም፦

ፕሮቲኖቹ የሚያርፉበትን የብሎቱን ሜምብሬን በሞለኪውል ክብደቱ አግድም ቁረጪው። አኔክሲን 6 ከ70 ኪሎዳልተን አካባቢ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይወጣል፣ በሲ.ዲ.63 ምትክ ደግሞ ሲ.ዲ.81ን እዪ፤ እሱ ከ25 በታች ነው። በአንድ ብሎት ሁለቱንም ታያለሽ።