የመንዝ በግ ጠጉር ለፌልት ይሆናልን?

የጓሳ ልጅ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ቤተሰቦቼ መንዝ ውስጥ በግ ያረባሉ። በጎቹ በተሸለቱ ቁጥር ጥቂቱ ጠጉር ባና ለሚሠሩ ሰዎች ይሸጣል፤ የቀረው ግን ጓሮ ተጥሎ ዝናብ ሲመታው ይከርማል። ይህን ጠጉር ሳይፈተልና ሳይሸመን፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና ብቻ አሽቼ ፌልት (ተጠላልፎ የጠበቀ የጠጉር ንጣፍ) ላደርገው፣ ከዚያም ለመደብ ማልበሻና ለጫማ ውስጥ ንጣፍ ላውለው አስቤአለሁ። መዳፍ የምታህል ናሙና ሠርቼ አይቻለሁ። ከላይ የተያያዘች መስላ ደረቀች፤ ነገር ግን ጠርዟን ይዤ ሳብ ሳደርጋት ንብርብሯ ለሁለት ተላቀቀ፣ ከላይዋም ደረቅና ነጫጭ ጠጉር እየተመዘዘ ይወጣል። የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ በመሆኑ ለዚህ ሥራ የማይሆን ነው? ወይስ ጥንካሬው የሚመጣው እኔ ካላወቅሁት የሥራው ደረጃ ነው? ማሽን የለኝም፤ ያለኝ እጄ፣ ሰሌንና የልብስ ሳሙና ነው።

ባዘቶ፦

ጠጉሩ ይሆናል፤ በዚህ አይጠራጠሩ። የበግ ጠጉር እያንዳንዱ ዘለላ በዓይን በማይታዩ ቅርፊቶች የተሸፈነ ሲሆን፣ የቅርፊቶቹ አፍ ወደ ዘለላው ጫፍ የዞረ ነው። ሙቅ ውሃ ሲያገኛቸው ቅርፊቶቹ ከፈት ይላሉ፤ ሳሙናው ዘለላዎቹን ያንሸራትታቸዋል፤ እሽታው ደግሞ እያንዳንዱን ዘለላ ወደ ሥሩ አቅጣጫ እንዲጓዝ ይገፋዋል፤ ቅርፊቱ ወደ ኋላ መመለስን ስለሚከለክለውም በሌሎቹ መካከል እንደተጠላለፈ ይቀራል። ጥጥ ይህ ቅርፊት ስለሌለው የቱንም ያህል ቢታሽ ፌልት አይወጣውም።

ሜሪኖ የሚባለው የውጭ በግ ጠጉሩ ቀጭን በመሆኑ ቶሎ ይያያዛል፤ ለአንገት ልብስና ለመሳሰለው ስስ ሥራም ተመራጭ ነው። የሚነጠፍና የሚረገጥ ፌልት ግን ሌላ ነገር ነው። በዓለም ከታወቁት የፌልት ምንጣፎች መካከል በመካከለኛው እስያ የሚኖረው የኪርጊዝ ሕዝብ ሺርዳክና አላ ኪይዝ የሚላቸው ሁለቱ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 አስቸኳይ ጥበቃ ከሚሹ የማይዳሰሱ ቅርሶች ተርታ የመዘገባቸው፣ ከጥንት ጀምሮ የሚሠሩት ላት ካላቸው፣ ጠጉራቸውም ሻካራ ከሆነ የደጋ በጎች ነው። የመንዝም በግ ባለ ላት የደጋ በግ ነው። በዚያ አገር ባለሙያዎቹ ለፌልት የሚመርጡት በመከር ወራት የሚሸለተውንና የግልገል ጠጉርን ነው፤ አጠር ያለና ለስለስ ያለ ስለሆነ ቶሎ ይጠላለፋል።

እየተመዘዘ የሚወጣው ነጭ ጠጉር ግን ከሱፉ ጋር የሚበቅል ደረቅ ጠጉር ነው፤ ወፍራምና ተሰባሪ ነው፤ አይጠላለፍም፤ ቀለምም በደንብ አይቀበልም። እሱን በእሽታ ማሸነፍ አይቻልም፤ መለየት ያለበት ገና ከመታጠቡ በፊት ነው። የተሸለተውን ጠጉር ዘርግተው የትከሻውን፣ የአንገቱንና የጎኑን ለብቻ ያኑሩ፤ የጭኑንና የሆዱን ለትራስ መሙያ ይተዉት። ከዚህ ምርጫ በኋላ የሚቀረው ጠጉር ሲያንስ ሊያሳዝንዎ ይችላል፤ ነገር ግን የፌልቱ ዕድሜ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ንብርብሩ የተላቀቀበት ምክንያት ከአነጣጠፉ ይመስለኛል። ጠጉሩ በወፍራሙ ተነጥፎ ከሆነ ሙቁ ውሃ መሐሉን አያገኘውም፤ ላይና ታቹ ተያይዞ ልቡ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ስስ አድርገው አንዱን ንብርብር በቁመት፣ ቀጣዩን በአግድም ያንጥፉ፤ ለመደብ ከስድስት እስከ ስምንት ንብርብር ያስፈልጋል። ተሠርቶ ሲያልቅ በየጎኑ 50 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ከፈለጉ ሲያነጥፉት 75 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ሲጠብቅ አንድ ሦስተኛው ያህል ይኮማተራልና። ለዚህ መጠን ከ250 እስከ 300 ግራም የታጠበ ጠጉር ይበቃል፤ እድፉና ቅባቱ ሲታጠብ ስለሚሄድ ያልታጠበውን በእጥፍ ያዘጋጁ።

ከዚያ ስስ የመጋረጃ ጨርቅ ያልብሱትና እጅ የሚችለውን ሙቅ የሳሙና ውሃ ከመሐል ወደ ዳር ያርከፍክፉበት። የአልጋ አጎበር እንዳይጠቀሙ እመክራለሁ፤ የፀረ ተባይ መድኃኒት ስላለበት በሙቅ ውሃ እጅ ላይ ሊቀር ይችላል። መጀመሪያ አይሹት። መዳፍዎን ዘርግተው ብቻ ይጫኑት፤ አየሩ እየወጣ ውሃው እስከ ታች እስኪደርስ ድረስ። ቀጥሎ በጣት ጫፍ ሳይሆን በሙሉ መዳፍ፣ በቀስታ፣ ክብ እየሠሩ ይሹ። ገና ሳይያያዝ በኃይል የታሸ ጠጉር ላዩ ብቻ እንደ ቆዳ ይያያዛል፤ ልቡ ግን ልቅ ይሆናል፤ በናሙናዎ ላይ የደረሰውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ጊዜው እንደ ደረሰ የሚያውቁት በመቆንጠጥ ነው። ጨርቁን ገልጠው ከመሐሉ ላይ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገው ወደ ላይ ያንሡት። ጥቂት ዘለላዎች ብቻ ጣትዎን ተከትለው ከተነሡ አልደረሰም፤ ይቀጥሉ። ቁንጥጫው መላውን ንጣፍ ይዞ ከተነሣ ግን ለጥቅለላ ደርሷል። ያን ጊዜ በሰሌን ጠቅልለው፣ አስረው፣ በክንድዎ እየተጫኑ ያንከባልሉት፤ አቅጣጫውንም በየጊዜው ያዙሩት፤ የሚኮማተረው በተጠቀለለበት አቅጣጫ ስለሆነ ባንድ ወገን ብቻ የተንከባለለ ፌልት ጠማማ ይወጣል። ሥራው ያለው እዚህ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚያቆመው ፌልቱ ቆንጆ መስሎ ሲታየው ነው፤ ማቆም ያለበት ግን መኮማተሩን ሲያቆም ብቻ ነው።

ነዳፊው፦

ከላይ የተሰጠው መልስ የተሟላ ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ አዘገጃጀቱ ነው። ጠጉሩን ከማንጠፍዎ በፊት በደጋን ይንደፉት። ለጥጥ የምንጠቀምበት ያው ደጋን ለጠጉርም ይሠራል፤ በቱርክና በኢራን የነበሩ የፌልት ሠሪዎችም ጠጉሩን የሚያፍታቱት በትልቅ ደጋን ነበር። የተነደፈ ጠጉር ቋጠሮው ተፈትቶ እኩል ይበተናል፤ አፈሩና ገለባው ወደ ታች ይራገፋል፤ ደረቁ ጠጉርም በከፊል ይለያል። ቋጠሮ እንዳለበት የተነጠፈ ጠጉር አንዱ ቦታ ወፍራም፣ ሌላው ወንፊት ይሆናል።

ለማጠብ፣ ጠጉሩን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ያሳድሩት፤ የላቡ ጨው በዚያው ይለቃል። በማግሥቱ ሙቅ የሳሙና ውሃ ውስጥ አስገብተው ሳያማስሉና ሳያሹ ይተዉት፤ ካሹት ገና ሳያነጥፉት ዕቃው ውስጥ ይጠቀጠቃል። ሲያለቀልቁትም ውሃው ተመሳሳይ ሙቀት ያለው ይሁን፤ ድንገተኛ ቅዝቃዜ ጠጉሩን ያኮማትረዋል። እንዶድ በአካባቢዎ ካለ ተወቅጦ የሚሰጠው አረፋ እድፍን ጥሩ አድርጎ ያነሣል። እጥበቱን ግን ወደ ወንዝ አይድፉት። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት፣ እናቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን ነበር፤ ዓሣም አይተርፍም።

በስደት ያለሁ፦

ከአውሮፓ ነው የምጽፈው። ዘመድ ለስላሳ ሱፍ ከውጭ እንዲልክልዎ የሚያስቡ ከሆነ አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ በልብስ ማጠቢያ ማሽን ይታጠባል ተብሎ የሚሸጠው ሱፍ ቅርፊቱ በኬሚካል የተወገደ ወይም የተሸፈነ ስለሆነ ፌልት አይሆንም። ይህን የማያውቅ ሰው ቀኑን ሙሉ አሽቶ ጥፋቱን በራሱ ላይ ያያል። ለጫማ ንጣፉ ደግሞ የመንዙን ጠጉር ከታች፣ እግር የሚነካውን አንድ ሁለት ንብርብር ብቻ ከለስላሳው አድርገው አብረው ቢያሹት ይያያዛሉ።

የእንስሳት ሐኪም፦

ጠጉሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ከሁሉ ይቀድማል። አባ ሰንጋ በአገራችን አሁንም የሚታይ በሽታ ነው፤ ዘሩም በጠጉርና በቆዳ ላይ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር ብራድፎርድ ከተማ የሱፍ መራጮችን ይገድል የነበረው የሳንባ በሽታ ይኸው አባ ሰንጋ ነበር። ስለዚህ በሽቶ ከሞተ ወይም በድንገት ሞቶ ከተገኘ በግ ጠጉር አይውሰዱ፤ በምንም ዋጋ ቢሆን። እጥበቱም ዘሩን አይገድለውም። ከጤነኛና ከራስዎ መንጋ የተሸለተ ቢሆንም እንኳ ደረቁን ጠጉር በደጋን ሲነድፉ አቧራው ብዙ ስለሆነ ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ ቢሠሩ መልካም ነው። እጅ ላይ ጥቁር እምብርት ያለው፣ የማያም ቁስል የታየበት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የጓሳ ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጠጉሩ በእናቴ ፊት የተሸለተ፣ ከጤነኛ በጎች የመጣ ነው። ናሙናዬ ላይ ያነጠፍሁት ሁለት ወፍራም ንብርብር ስለነበረ ምክንያቱ አሁን ግልጽ ሆኖልኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ተሠርቶ ያለቀውን ሳሙናውን ከውስጡ እንዴት ላስለቅቅ? ብልስ እንዳይበላው ምን ይደረጋል?

ባዘቶ፦

ያለቀለቁት ውሃ አረፋ ማውጣት እስኪያቆም ድረስ ደጋግመው ያለቅልቁት፤ በመጨረሻው ባልዲ ውስጥ አንድ የቡና ሲኒ ኮምጣጤ ይጨምሩ። የልብስ ሳሙና ጠጉር ውስጥ ከቀረ እያደረቀ ይሰባብረዋል፤ ኮምጣጤው ያን ኃይሉን ያበርደዋል። ሳይጠመዝዙ በፎጣ ጠቅልለው ይርገጡት፤ ገና እርጥብ ሳለ ጠርዙን ጎትተው ያስተካክሉት፣ ከዚያ ጥላ ላይ ዘርግተው ያድርቁት። ብል የሚወደው ጨለማና ያልተነካ ቦታ ነው፤ ሰው የሚቀመጥበትን መደብ ብዙም አይደፍርም። የተረፈውን ጠጉር ግን ንጹሕ አድርገው ካጠቡ በኋላ ጥብቅ ከረጢት ውስጥ ያኑሩት፣ በየወሩም ፀሐይ ላይ አውጥተው ያራግፉት። ለመጀመሪያው ሙከራ መደቡን ትተው በጫማ ንጣፉ ይጀምሩ፤ ትንሽ ነው፣ የጠበቀና ያልጠበቀ መሆኑንም እግርዎ በሳምንት ውስጥ ይነግርዎታል።