«ተሰናባቹ ከንቲባ አሸነፉ» ይባላል?

ተርጓሚዋ
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ከትናንት ጀምሮ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞኛል። በአሜሪካ፣ ቴክሳስ ስለተደረገው የዳላስ ከንቲባ ምርጫ እየተረጎምኩ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 28 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ሥልጣን ላይ የነበሩት ኤሪክ ጆንሰን ድጋሚ ተመረጡ። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ስሙ የሰፈረ ተፎካካሪ አልነበራቸውም። ባልደረባዬ «ተሰናባቹ ከንቲባ አሸነፉ» ብሎ አረመልኝ። ያሸነፈ ሰው ምን ብሎ ይሰናበታል? ደግሞ ምርጫው የፓርቲ አይደለም። «ገለልተኛ ምርጫ» ልበል?

ዘደብረ ታቦር
ተሰናባች በፍጹም! እሱ ወንበሩን ለሚለቅ ነው። «ነባሩ ከንቲባ» በይው እህቴ።

ቀለሜ
ነባር እኔን ይጎረብጠኛል። ነባር ሠራተኛ፣ ነባር ይዞታ እንላለን፤ የቆየ ማለት ነው። ሰውየው መጀመሪያ የተመረጡት በ2011 ነው። በአራት ዓመት ነባር ይኮናል?

ዘደብረ ታቦር
ሥሩን እይ እንጂ ወንድሜ። በግእዝ ነበረ ማለት ተቀመጠ ነው። በጸሎተ ሃይማኖት «ወነበረ በየማነ አቡሁ» ስንል «ነበር፣ አሁን የለም» ማለታችን ነው? መንበርም ከዚያው ነው የወጣው። ነባር፣ መንበሩ ላይ ያለ ነው።

ቀለሜ
ግእዙን ማን ካደ? አንባቢዋ ግን አማርኛ ነው የምታነበው። በአማርኛ «ነበረ» ካልን ነገሩ አልፏል።

የቅኔ ቤት ልጅ
ሁለታችሁም ቀስ በሉ። ቅኔ ቤት ግስ ስናወርድ ነው ያደግነው። የነበረ አድራጊው «ነባሪ» ነው፤ ቀደሰ ቀዳሲ እንደሚለው። ነባር የአማርኛ አካሄድ ነው። ኖረም የነበረ ልጅ ነው፣ «በ» ላልታ ላልታ ጠፍታ። ስለዚህ ነባሪና ነዋሪ አንድ ዘር ናቸው። ከንቲባውም መራጩም ከአንድ ግስ!

ዘደብረ ታቦር
ይህን ወደድኩት መምህር። ግን ነባር ትክክል አይደለም ማለትዎ ነው?

የዳላስ ሰው
እዚህ ነው የምኖረው፤ ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ልናገር። ለከተማ ምርጫ ወረቀቱ ላይ የፓርቲ ስም አይጻፍም። ሰዎቹ ግን ፓርቲ አላቸው። ጆንሰን በክልሉ ምክር ቤት ዴሞክራት ነበሩ። በተመረጡ በወራት ውስጥ፣ መስከረም 2016 ላይ፣ ሪፐብሊካን ሆኛለሁ ብለው አወጁ። «ገለልተኛ» ካልሽ አንባቢ ሰውየውን ገለል ያሉ አድርጎ ይረዳል። «የፓርቲ ስም የማይጻፍበት ምርጫ» በይ። ይረዝማል፣ ግን እውነቱ እሱ ነው። ደግሞ እዚህ ከንቲባ በተከታታይ ከሁለት ዘመን በላይ አይቆይም። ተሰናባች ያኔ ይሠራል።

ሰዋስው ወዳድ
ተሰናበተ ከሰንበት አይመስላችሁም? ሥራ አቁሞ ማረፍ። እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው የሚሰማኝ።

የቅኔ ቤት ልጅ
ፊደሉ ይገጥማል። ትርጉሙን ግን ማስረዳት ያንተ ዕዳ ነው። ሰንበትን የሚያከብር ሰው ሰኞ ይመለሳል። ተሰናባች ይመለሳል?

ሰዋስው ወዳድ
«ደህና ሰንብት» እንላለንኮ! ቆይ፣ እንገናኛለን ማለት አይደለም?

ተርጓሚዋ
የፓርቲውን አገኘሁ፣ የዳላሱ ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ። ጽሑፉን ማታ ነው የማስረክበው። ነባር ልበል፣ ወይስ «በሥልጣን ላይ ያሉት»?

ቀለሜ
መምህር፣ ኖረ ከነበረ ከሆነ «ኗሪ»ስ ከየት መጣ?